ጎረምሳ ሞቋል

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በጫጩት መፈልፈያው ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የቤቱ ባለቤት አክስት፣ ማሽኖቹን አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት ጋሼ፣ እና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የአክስት የእህት ልጅ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ መብራቱም ጠፍቷል። አክስቷ እንቁላል እያነሳች ከሥሩ የእጅ ባትሪ ታበራለች። በሕይወት ያለ እንቁላል ሲበራበት ውስጡ የሆነ ነገር ውልብ ይላል። እነዚህ ግን አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም።

«ይሄም የለም» እያለች ባልዲው ውስጥ ታስቀምጣለች። «ይሄም። ይሄም።»

ሦስት መቶ እንቁላል ነው። ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ብቻ ነበር የቀራቸው።

ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አልቀለዱም። ሐሙስ ዕለት አክስቷ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ውጭ ስለነበረች ማሽኖቹ ጋ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የሆነውን ለሦስተኛ ጊዜ ተናገሩ። እኩለ ቀን ላይ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የማሽኖቹን ሙቀት የሚጠብቀው ሳጥን ጮኸ። ቀና ብለው ስክሪኑን አነበቡ። «ጎረምሳ ሞቋል» ይላል፤ ጎረምሳ ከሦስቱ ማሽኖች የአንዱ ስም ነው። የጎረምሳን የአየር መውጫ ከፈቱ፣ የዝምታውን ቁልፍ ተጫኑ፣ መዝገቡ ላይም ጻፉ። አክስቷ ስትመለስ ግን ፊቷን የገረፋት የጎረምሳ ሳይሆን የሌላዋ ማሽን፣ የአሮጊት፣ ወላፈን ነው።

«ጋሼ፣ አሮጊት የሚለውን ጎረምሳ ብለው አንብበውት ነው» አለች አክስቷ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻል ነበር። «ዓይንዎ ደክሟል። ሰው ነዎት፣ ያለ ነገር ነው።»

«እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።»

አክስቷ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሳጥኑ ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው» አለች ልጅቷ። መልሱ ከአፏ የወጣው ከማሰቧ በፊት ነው።

«እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ ትንሽ ይረፉ» አለች አክስቷ ለጋሼ። «ትንሽ» ያለችው ለይሉኝታ መሆኑን ሦስቱም ያውቃሉ።

የማሽኖቹን ስም ያወጡት ጋሼ ናቸው። የሁሉም ታላቅ የሆነችው፣ በሯ ሲከፈት የምታቃስተው፣ የራሷ ቴርሞሜትር ከተሰበረ ዓመት ያለፋት አሮጊት ናት። ነጯ ሙሽሪት ትባላለች፤ ጋሼ ሲያጸዷት «ዞር በይ እስቲ እመቤቴ፣ ቀሚስሽ ተጨማደደ» ይሏታል። ሦስተኛው፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ችኮላ የሆነው፣ ጎረምሳ ነው። ድሮ ጋሼ ሙቀት የሚለኩት በዓይናቸው ቆብ ነበር። እንቁላል አንስተው የተከደነ ዓይናቸው ላይ ያሳርፉና «ይቺ በርዷታል» ወይም «ይሄ ይበቃዋል» ይላሉ። ብዙም አይሳሳቱም ነበር።

ሳጥኑን ልጅቷ የሠራችው ከሁለት ወር በፊት ነው። ውስጡ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ኮምፒውተር አለ። ከየማሽኑ በሽቦ አንድ አንድ መስመር ጽሑፍ ይላክለታል፤ ስም፣ ሙቀት፣ እርጥበት፣ በመሃላቸው ነጠላ ሰረዝ። ሳጥኑ መስመሩን በየሰረዙ ይቆራርጥና ሙቀቱን ያያል። ሙቀቱ ካለፈ ይጮኻል፣ ስሙንም ስክሪኑ ላይ ይጽፋል። ጋሼ የላቲን ፊደል ስለማያነቡ ልጅቷ የእኛን ፊደል ነጥብ በነጥብ እየሣለች አስገብታላቸዋለች። ያን ቀን ጋሼ ስክሪኑ ላይ «ሙሽሪት» የሚለውን አንብበው እስኪበቃቸው ሳቁና «ኢንጂነር» ብለው ጠሯት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም አልጠሯትም። አክስቷም በዚያው ሰሞን በዓይን ቆብ መለካቱን እንዲተዉ፣ ሊፈለፈል የተቃረበ ማሽን በርም በከንቱ እንዳይከፍቱ፣ ሳጥኑን ብቻ እንዲያምኑ ነገረቻቸው። እሳቸውም አመኑ።

ልጅቷ በዚያ ቅዳሜ ሳጥኑን ከግድግዳው ፈታ ይዛ ሄደች። በሚመጣው ሐሙስ የትምህርት ቤቶች የፈጠራ ውድድር አለ፤ ትምህርት ቤቷን ወክሎ የሚቀርበውም ይኸው ሳጥን ነው። ለአክስቷ «ላጸዳው ነው» አለቻት። ለምን እንደምትወስደው ግን ለራሷም በደንብ አልነገረችም። አንድ የቆየ ነገር ግን ከሐሳቧ አልወጣ ብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ ከመሰቀሉ በፊት የትምህርት ቤቷ የፈጠራ ክበብ መምህር «ከሦስቱም ማሽኖች ጋር አንድ ላይ ሞክራችሁታል?» ብለው ጠይቀው ነበር። የተሞከረው በአንድ ብቻ ነው። የሌሎቹ ሽቦ ገና አልደረሰም ነበር፣ መምህሩ ደግሞ «ተፈትኗል» በሚለው ወረቀት ላይ ፊርማቸውን ሊያኖሩ እስክሪብቶ ይዘው ቆመዋል። ልጅቷ «አዎ» አለች። አብሯት ሳጥኑን የሠራው ቀጮ አጠገቧ ነበር፤ ጣሪያውን አየ።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ሁለቱ የክበቡ ክፍል ውስጥ ሳጥኑን ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት። ቀጮ በቁመቱ ልክ ሥጋ ያልተሰጠው ልጅ ነው፤ ሽቦ ሲያስር ግን እጁ እንደ ልብስ ሰፊ እጅ ነው። ሦስት የሙቀት መለኪያ ሴንሰሮች አገናኘላትና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ልጅቷ የአሮጊት የሆነውን ሴንሰር ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ባለ ሙቅ ውኃ ነከረችው። ሳጥኑ በሐሰት እንዳይጮኽ ግማሽ ደቂቃ እንዲጠብቅ ያደረገችው ራሷ ናት። ጠበቁ።

ሳጥኑ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ «ጎረምሳ ሞቋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ደገሙት። ጎረምሳ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከሩት። ጎረምሳ።

«ሽቦ አጣርሼ ይሆናል» አለ ቀጮ፣ እያጎነበሰ።

ሽቦው አልነበረም። ልጅቷ ኮዱን ከፍታ ከላይ ወደ ታች ስትወርድ፣ ያችን መስመር ከሩቅ አወቀቻት፤ ሰው የደበቀውን ነገር ያለበትን እንደሚያውቅ። ለቀጮ ያስረዳችው ቀስ ብላ ነው። ከየማሽኑ የሚመጣው ጽሑፍ የሚያርፍባት አንዲት ትንሽ ቦታ አለች፤ ትሪ በላት። የሞቀው ማሽን ስም ሲመጣ ከትሪው ገልብጣ ቅጂውን ለብቻው ማስቀመጥ ነበረባት። እሷ ግን ስሙን አልያዘችም፤ «ስሙ ትሪው ላይ እዚህ ጋ ነው» ብላ ቦታውን ብቻ ያዘች። ሳጥኑ ግማሽ ደቂቃ ሲጠብቅ ሌሎቹ ማሽኖች ዝም አይሉም። የሙሽሪት መስመር መጥቶ በአሮጊት ላይ ይጻፋል፣ የጎረምሳ መጥቶ በሙሽሪት ላይ ይጻፋል። ሳጥኑ ሊጮኽ ሲል ወደዚያች ቦታ ዞር ብሎ ያያል፤ እዚያ ተቀምጦ የሚያገኘው ጎረምሳን ነው።

«በአንድ ማሽን ስንሞክር በራሱ ስም ላይ ራሱ ነው የሚጻፈው» አለች። «ለዛ ነው ያልታየን።»

«ለምንድነው ያልገለበጥሽው ግን?»

«ሚሞሪ እያለቀብኝ። የእኛ ፊደል አንዱ የላቲኑን የሦስት ቦታ ይበላል። ስሞቹን ስገለብጥ ሳጥኑ ይደነዝዝ ነበር። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነው።»

ቀጮ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው አንስቶ ውኃውን መስኮቱ ሥር ያለው አበባ ላይ ደፋው። ከዚያ የሚያስበውን ተናገረ። ሦስት መስመር ነው፣ አሁኑኑ ይታረም። ሐሙስ ውድድር ነው። ማን ኮድ ከፍቶ ሊያነብ? ሽማግሌው እንደሆነ ዕድሜያቸው ነው፣ ዛሬ ባይሆን ከርሞ ማረፋቸው አይቀርም። የሱም ስም ሳጥኑ ላይ ተለጥፏል።

«አትፎግሪኝ፣ አንቺም ይሄንኑ ነው የምታስቢው» አለ መጨረሻ ላይ።

ያሳፈራት እውነቱን መናገሩ ነው። የማያስፈልጉ ሁለት ሥዕሎች ከስክሪኑ አጥፍታ ቦታ አስለቀቀች፣ ስሙን ከትሪው ገልብጣ ለብቻው አስቀመጠች። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። እንደገና ሙቅ ውኃ አመጡ፣ እንደገና ጠበቁ። «አሮጊት ሞቋል» አለ ሳጥኑ። ቀጮ እጁን ለሰላምታ ዘረጋላት። መታችለት፤ መዳፏ ግን የሌላ ሰው እጅ መሰላት። የዚያን ቀን ምሳዋን እንዳልበላች የታወሳት ቤት ስትገባ ነው።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋሼን መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ከዓይን ክሊኒኩ በር አጠገብ ጫማ ጠጋኙ በሚያኖረው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንድ ወረቀት ደጋግመው ያጥፋሉ። አላየሁም ብላ ማለፍ ትችል ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው አዩዋት።

«ኢንጂነር፣ ነይ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች። ጋሼ ሐኪሟ ያደረገቻቸውን ሁሉ ተረኩላት። የመመርመሪያውን የብረት መነጽር አፍንጫቸው ላይ ስትጭንባቸው «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ብለው ሐኪሟን አሳቋት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አሳየቻቸው። ከትልቁ ምልክት ጀምረው እስከ ታች፣ ጉንዳን የምታክለዋን ሳይቀር፣ አንዱንም አልሳቱ። ሐኪሟ ዓይናቸው የአርባ ዓመት ሰው ዓይን እንደሆነ ነገረቻቸው።

«ደስ ይላል» አለች ልጅቷ።

«ምኑ ደስ ይላል ልጄ? ዓይኔ ካልሆነ እንግዲህ ይሄኛው ነው።» በጣታቸው ግንባራቸውን ነኩ። «እናቴን እንዲሁ ነው የጀመራት። አንዱን በሌላው ስም መጥራት። ኋላማ እኔን በሞተው ወንድሜ ስም ትጠራኝ ነበር።»

ልጅቷ ጫማ ጠጋኙ ሶል ላይ ማስቲሽ ሲቀባ አየች። ብሩሹ ወደፊት ሄደ፣ ተመለሰ።

ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከትናንት ወዲህ የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ማድረስ ትተዋል። ለልጃቸው ወገባቸውን እንዳመማቸው ነው የነገሯት። መንገድ መሃል ሕፃኗን ይዘው ወዴት እንደሚሄዱ ቢጠፋባቸውስ? ሌሊቱን ሁሉ ያቺን ሐሙስ ያስቧታል። ስክሪኑ ላይ «ጎረምሳ» ሲል ልክ አሁን እሷን እንደሚያዩ ያዩታል፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሊቆጥሩላት ይችላሉ። ግን ያላዩትን እንዲህ አጥርተው የሚያዩ ከሆነ ምናቸውን ይመኑ?

«አንቺ ነሽ የሠራሽው፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ። «ሳጥኑ ይሳሳታል እንዴ?»

መልሱ አፏ ውስጥ ነበር። ከመልሱ ፊት ግን ሐሙስ ቆሟል፣ የመምህሩ ፊርማ ቆሟል፣ የቀጮ የተዘረጋ እጅ ቆሟል።

«አይሳሳትም» አለች።

ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ እውነት ነበር። ከዚህ የከፋ ውሸት ዋሽታ አታውቅም።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህንኑ የጠበቁ ይመስል። ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱ። ሲሰነባበቱ ለሐሙሱ ውድድር መርቀዋት በእግረኛው መንገድ ዳር ዳሩን ሄዱ። መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መኪና አልነበረም። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ እንደገና ግራ አዩ። ሁለት ሰዎች ከኋላቸው መጥተው ተሻገሩ። ጋሼ ግን ቆመው ነበር።

ልጅቷ ቤት ስትደርስ እናቷ ልብስ እያጠፈች ነው። ምን ሆንሽ አለቻት። ራሴን አመመኝ ብላ ክፍሏ ገባች። ሳጥኑ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል፤ ተወልውሎ፣ የትምህርት ቤቱ ስም በጥሩ ወረቀት ታትሞ ተለጥፎበት።

መናገር ብቻውን እንደማይበቃ ገባት። አክስቷን ታውቃታለች። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የጋሼ ጠበቃ እንደሆነች ስታሾፍባት ነው የኖረችው። ሄዳ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብትላት፣ አክስቷ ሳጥኑን ትሞክረዋለች። ሳጥኑ ደግሞ አሁን «አሮጊት» ነው የሚለው። አክስቷ ፀጉሯን ዳሰስ አድርጋ «አዘንሽላቸው አይደል?» ትላታለች፤ በቃ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ለጋሼ የሚያስፈልጋቸው የሰው ወሬ ሳይሆን ያ ቀን ራሱ በዓይናቸው ፊት መደገሙ ነው። እሷ ደግሞ ያንን ቀን ሰኞ ዕለት በአሥር ደቂቃ አጥፍታዋለች።

ላፕቶፑን ከፈተች። ያለፈውን ኮድ አልጣለችውም ነበር። ከሰኞ በፊት የነበረው ፋይል እዚያው አለ፤ ስህተቷ ያለበት መስመርም እንዳለ ነው።

ለቀጮ ደወለችለት። የምታደርገውን ነገረችው፤ ለመምህሩም በሦስቱ እንዳልሞከሩት እንደምትነግር አልደበቀችውም።

«አብደሻል» አለ።

«ይሆናል።»

«ሐሙስ የለም ማለት ነው።»

«የለም።»

ቀጮ ተነፈሰ። «ሽቦው ልክ እንደነበር ግን ንገሪያቸው» አለና ዘጋው።

ልጅቷ የዩኤስቢ ገመዱን ሳጥኑ ላይ ሰካች። የታረመውን አውጥታ የተሳሳተውን መልሳ ጫነች። እየተጫነ ሳለ በስክሪኑ ላይ የሚሄደውን መስመር እስከ መጨረሻው ተመለከተችው።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመፈልፈያውን በር አንኳኳች። አክስቷ በሩን የከፈተችው ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነው። ልጅቷ ከመግባቷ በፊት ጋሼን እንድትጠራቸው ለመነቻት። አክስቷ ምክንያቱን ጠየቀች፤ ልጅቷ እሳቸው በሌሉበት እንደማትናገር ነገረቻት። አክስቷ ትንሽ አየቻትና ስልኳን አነሳች።

ጋሼ ሲመጡ ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ቦታው ተመልሷል፣ ሦስቱም ሽቦዎች ተሰክተዋል። አሮጊት ባዶዋን ነበረች። ልጅቷ ሴንሰሯን ከውስጥ ስባ አውጥታ ሙቅ ውኃ የያዘ ኩባያ ውስጥ ነከረችው።

«ይሄ የማን ነው?» አለች።

«የአሮጊት ነዋ» አለች አክስቷ።

ግማሽ ደቂቃ ረጅም ነው። ሙሽሪት ውስጥ ያለው ማራገቢያ ይሽከረከራል። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሳጥኑ ጮኸ። ከሦስቱ ማንም ቁልፉን አልተጫነም።

አክስቷ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። አነበበች፤ ወደ ኩባያው አየች፤ ሽቦውን በዓይኗ እስከ አሮጊት ተከትላው ተመለሰችና እንደገና አነበበች።

«ጎረምሳ» አሉ ጋሼ ካሉበት ሆነው። «ጎረምሳ ነው የሚለው። ነው አይደል?»

«ነው» አለች አክስቷ።

ጋሼ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ኮዱ ምን እንዳደረገ፣ ከሦስቱም ጋር እንዳልሞከረችው፣ ለመምህሩ እንደዋሸች ተናገረች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለቻት አክስቷ።

«ሰኞ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«አዎ።» ልጅቷ ወደ ጋሼ ዞረች። «ትናንት ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር።»

ጋሼ ቀና ብለው አዩዋት። ኢንጂነር አላሏትም፣ ልጄም አላሏት። ከዚያ አሁንም የሚጮኸውን ሳጥን ራሳቸው ተነሥተው ዝም አሰኙት።

አክስቷ መዝገቡን ከፍታ ሐሙስ ዕለት በእሳቸው እጅ የተጻፈውን አነበበችው። ከዚያ ሄዳ ፊታቸው ቆመችና ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረቻቸው። ልጅቷ ሳጥኑን እየፈታች ስለነበር የሰማችው «ይቅር ይበሉኝ» የሚለውን ብቻ ነው።

ጋሼ ጃኬታቸውን አውልቀው ሙሽሪትን ከፈቱ፤ እንቁላሎቹ የሚገለበጡበት ሰዓት አልፎ ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት የደረሰችው ሃያ ደቂቃ ዘግይታ ነው፤ ወደ ክፍል ሳይሆን ሳጥኑን ይዛ በቀጥታ ወደ ክበቡ መምህር ቢሮ ሄደች።